ወይኑ ይቅር፣ ጥበቡ ይግባ

ከባሕር ማዶ የመጣን መብል ወደ ቤታችን ስናስገባ ከነሙሉ ሥርዓቱ መቀበል ይገባናል ወይስ ለማዕዳችን የሚስማማውን መርጠን የቀረውን ልንተወው እንችላለን የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት የወጥ ቤት ጨዋታ ቢመስልም በመሠረቱ የማስተዋል ጥያቄ ነው። ለዚህም ጥሩ መፈተኛ የሚሆነን፣ እንግሊዞች «ቢፍ ዌሊንግተን» የሚሉት፣ የበሬ ሽንጥ በደቀቀ እንጉዳይ ተሸፍኖና ቅቤ በተደራረበበት ሊጥ ተጠቅልሎ ከተጋገረ በኋላ ከወይን ጠጅ ስጎ ጋር የሚቀርበው የግብዣ ምግብ ነው። ይህን ምግብ በጅጅጋ፣ በሸደር ወይም በተፈሪ በር በቤቷ ልትሠራ የምታስብ ባለሙያ ብትኖር፣ እኔ የምመክራት ጥበቡን እንድትወስድና ወይኑን እንድትተወው ነው፤ ይህንም የምለው ለአገሩ ልማድ በይሉኝታ ብቻ ሳይሆን፣ ወይኑ በመቅረቱ የምግቡ ክብር የማይጓደል መሆኑን ስለማምን ነው።

አስቀድሞ ነገር፣ ይህን ምግብ የአንድ ሕዝብ ብቻ ርስት አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ስሙ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1815 ዓ.ም. በዋተርሎ ጦር ሜዳ ናፖሌዎንን ድል ካደረገው መስፍን ጋር ይያያዝ እንጂ፣ መስፍኑ ራሱ ምግቡን ስለ መውደዱ የታመነ ማስረጃ አልተገኘም። ሥጋን በሊጥ መሸፈን ግን ከእርሱ በብዙ መቶ ዓመታት የቀደመ ጥበብ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ብዙ አገር የዞረው መንገደኛ ኢብን ባቱታ፣ በዴልሂ ሱልጣን ቤተ መንግሥት የተከተፈ ሥጋ ከለውዝ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ተሠርቶ፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በቅቤ ሲጠበስ አይቶ ጽፎልናል። ይኸው ሰው ወደ ህንድ ከመድረሱ በፊት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1331 ግድም በዘይላ በኩል አልፏል፤ ዘይላም ለብዙ ዘመን የሐረር ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወርድባት በር ስለ ነበረች፣ የህንድና የዐረብ አገር ቅመም ከነአሠራሩ ወደ ደጋው ከወጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እነሆ ዛሬ ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ በተንጣለለው ሜዳ ባሉት ከተሞች፣ ይልቁንም በረመዳን ወር ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል፣ ሳምቡሳ ያልቀረበበት ማፍጠሪያ እንደ ጎደሎ ይቈጠራል። ባለሙያዋ ዱቄቱን በጨውና በውሃ አጥብቃ ታቦካና፣ በስሱ የዳመጠቻቸውን ቂጣዎች በመካከላቸው ዘይት ቀብታ፣ ዱቄትም ነስንሳ ትደራርባቸዋለች፤ ደግማም አንድ ላይ ዳምጣ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ለአፍታ ካሳረፈቻቸው በኋላ፣ ሙቀታቸው ሳይለቅ አንዱን ከአንዱ ገልጣ፣ ቈርጣ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ኪስ ታደርጋቸዋለች። በውስጡ የሚገባው ሥጋ አስቀድሞ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር የበሰለ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄልና እርድ ባሉበት ሶማሌዎች «ሐዋሽ» በሚሉት ቅመም የታሸ ነው። በ2000 ዓ.ም. በሸደር በተከፈተው የስደተኞች መጠለያ ያረፉት፣ ከሶማሊያ ደቡብና መካከለኛው ክፍል የተሰደዱ ቤተሰቦችም ይህንኑ ማዕድ ያውቁታልና፣ ስደተኛውና ባለ አገሩ በዚህ ነገር አስተርጓሚ አይሹም።

የሁለቱ ምግቦች ሕግ አንድ ነው፤ የሊጥ ጠላቱ እርጥበት ነው። እንግሊዛዊው ወጥ ሠሪ ሽንጡን በጋለ ስብ ዙሪያውን ጠብሶ የሚያቀዘቅዘው፣ እንጉዳዩንም ውሃው እስኪመጥ የሚያበስለው፣ የጅጅጋዋ ሴትም የተከተፈውን ሥጋ አድርቃና አቀዝቅዛ ካልሆነ በቀር ወደ ሊጡ የማታስገባው፣ ሁለቱም በእንፋሎት የላሸቀ ሊጥ እንደማይመለስ ስለሚያውቁ ነው። የሚለያዩት ሥጋውን ሙሉ በማድረግና በመክተፍ ነው፤ መክተፉም የድህነት ምልክት ሳይሆን የብልሃት ሥራ ነው። በእኛ አገር የሥጋ ከብት ግጦሽና ውሃ ፍለጋ ብዙ መንገድ የተጓዘ ሲሆን፣ ሥጋውም በታረደበት ቀን ይሸጣል፤ እንግሊዞች ግን የበሬን ሥጋ በብርድ ቤት ለሳምንታት አቈይተው ያለሰልሱታል። ስለዚህ ሙሉ ሽንጥ ለመጠቅለል የምትሻ ሴት ሥጋውን ሁለትና ሦስት ቀን በማቀዝቀዣ ብታሳርፈው፣ ከዚያም በአንድ ትልቅ ጥቅል ፈንታ ለየእንግዳው ትንንሽ አድርጋ ብትጠቀልለው፣ ሊጡ ሲቀላ ሥጋውም አብሮ ይበስልላታል። መካከሉ ቀይ ሆኖ እንዲቀር የሚያዘውን የውጭ ሥርዓት ግን፣ የኮሶን ነገር የሚያውቅ ሕዝብ ሊከተለው ግዴታ የለበትም።

አሁን ወደ ወይኑ እንምጣ። ወይን ጠጅ በስጎ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የቅቤውንና የስቡን ክብደት በኮምጣጣነቱ ማቅለል ነው፤ ይህን ሥራ ደግሞ በምሥራቁ አገር ሮቃ የሚባለው ሑመር አሳምሮ ይሠራዋል፤ የወይን ፍሬም ሆነ ሑመር ኮምጣጣነታቸውን በብዛት የሚያገኙት ታርታሪክ አሲድ ከሚባለው ከአንዱ ነገር ነውና። ሑመሩን በለብታ ውሃ ዘፍዝፎ ማጥለል፣ ከአጥንት መረቅና በዝግታ ከቀላ ሽንኩርት ጋር ወፈር እስኪል ማፍላት፣ ጥቂት ቴምር ጨምሮ ማለዘብ፣ በመጨረሻም ከእሳት አውርዶ ቅቤ መምታት ነው፤ ስጎው ጠቆር ያለ፣ የሚያበራና ምራቅ የሚያስውጥ ሆኖ ይወጣል። «አልኮሉ በእሳት ተኖ ይጠፋል» የሚለው ማመካኛ አይጠቅምም፤ ሁሉም ተኖ አያልቅምና። ወይን ጠጅ ከሌለ ክብር የለም የሚል ክርስቲያን ቢኖርም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቍርባን የምታቀርበው ያልቦካውን የዘቢብ ጭማቂ መሆኑን ያስታውስ።

«ወይኑ ከቀረ ያ ምግብ መሆኑ ቀረ፤ የባለቤቱ ሥርዓት ይከበር» የሚሉ ይኖራሉ። ምግብ ቤት ከፍቶ በዚያ ስም ገንዘብ ለሚቀበል ሰው ይህ ክርክር ይሠራል። በቤቱ እንግዳ የሚጠራ ሰው ግን ለእንግዳው እንጂ ለመጽሐፉ ተገዢ አይደለም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሥጋ ማዕድ እንዳይገናኙ የሚያደርጋቸው ከወይኑ ይልቅ የባራኪው እጅ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤቶቿን ሁሉ በአንድ ገበታ ማስቀመጥ የምትፈልግ ባለሙያ ሥጋውንም ትታ፣ ክርስቲያኑ በጾሙ ወራት የሚበላውን የምስር ሳምቡሳ ብታቀርብ ሊጡም ቅመሙም ሳይለወጥ ሐሳቧ ይፈጸምላታል።

እንግዲህ የምግብ ሥራ የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎቻችን የውጭውን ጥቅል ሥጋ በፈተና ሲያሠሩ፣ ስሱን ሊጥ መግለጥም በዚያው ክብር እንዲፈትኑበት እጠይቃለሁ፤ የትኛው ሥራ የበለጠ የእጅ ልምድ እንደሚጠይቅ ተማሪው ራሱ ይመሰክራል። የቤት እመቤቷም ብትሆን አዲሱን ምግብ ለመሞከር አትፈር፤ ነገር ግን ከመጀመሯ በፊት በገበታው ዙሪያ የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ትጠይቅ፤ ምን እንደሚጨመርና ምን እንደሚቀነስ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነውና።