ጀልባ ከሥሯ ትመረጥ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979፣ በአየርላንድ ደቡብ የሚገኘውን የፋስትኔት ዐለት ዞረው ወደ እንግሊዝ ለመመለስ 303 የሸራ ጀልባዎች ውድድር ገቡ። መንገድ ላይ ከባድ ማዕበል አገኛቸውና 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎችም ሰው አልባ ሆነው ባሕሩ ላይ ቀሩ። ከእነዚህ መካከል የሰጠሙት 5 ብቻ ናቸው።

በኋላ የተደረገው ምርመራ ያወጣው ነገር እስከ ዛሬ ያስቆጫል። ከሟቾቹ 7ቱ ሕይወታቸው ያለፈው በአየር ከሚነፋው የነፍስ አድን ጀልባ ጋር በተያያዘ አደጋ ነው፤ ጥለዋቸው የወጡት ጀልባዎች ግን ሳይሰጥሙ ተገኝተው ወደ ወደብ ተጎተቱ። በጨለማ ጀልባው የተገለበጠበት ሰው ወጥቶ ቢሸሽ የሚድን ይመስለዋል። ሆኖም ምሰሶዋ የተሰበረ፣ ውኃ የገባባት ጀልባ እንኳ እስከተንሳፈፈች ድረስ የተሻለች መጠጊያ ናት።

ጓዛቸውን ጠቅልለው ባሕር ላይ ለመኖር የሚነሱ ሰዎች ጀልባ ሲገዙ ይህን ሊያስቡ ይገባል። የብዙዎቹ ዓይን ግን ቀድሞ የሚያርፈው አልጋውና ወጥ ቤቱ ላይ ነው። መታየት ያለበት ከውኃው በታች ያለው ነው፦ ከጀልባዋ ሆድ ሥር የሚወርደው፣ ኪል የሚባለው የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት። ሞገድ ሲጥላት መልሶ የሚያቆማት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች ጀልባ አትላንቲክ መሐል ኪሏ ተገንጥሎ ተገለበጠች፤ አራቱም ተሳፋሪዎቿ ሞቱ። መርማሪዎች ቀደም ሲል ከባሕር ወለል ጋር መላተሟና የተደረገላት ጥገና መጋጠሚያውን አዳክመውት ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ያገለገለች ጀልባ የሚገዛ ሰው ከውኃ አስወጥቶ ኪሏንና ብሎኖቿን በባለሙያ ሳያስመረምር ገንዘብ መክፈል የለበትም።

ትልቅነትም አያታልል። እ.ኤ.አ. በ1968 ብቻቸውን ሳያቋርጡ ዓለምን ለመዞር ከተነሱት ዘጠኝ ሰዎች ውድድሩን የጨረሰው ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን ብቻ ነው። ሱሃይሊ የተባለችው ጀልባው ቦምቤይ ውስጥ ከቲክ እንጨት የተሠራች፣ 10 ሜትር እንኳ የማትሞላ ዘገምተኛ ነበረች፤ 312 ቀናት ፈጅታ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ እንግሊዝ ገባች። ለባልና ሚስት ከ10 እስከ 12 ሜትር ይበቃል። ከዚያ የምትበልጥ ጀልባ ሸራ፣ ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ሌሊት፣ በደከመ ክንድ በቀላሉ አይወርድም።

ሸራን ማሳጠር የሚገባው ነፋሱ ሳይበረታ፣ ሐሳቡ እንደመጣ ነው። የደህንነት ማሰሪያም የሚታሰረው ከጓዳው ሳይወጡ ነው፤ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ሰው በአንድ ደቂቃ 180 ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚያች ደቂቃ ጀልባዋን የሚመልሳት የቀረው ሰው ነው። በብዙ ጥንዶች ዘንድ ግን ጀልባ መንዳት የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ብቻውን ሸራ ማውረድ፣ መሪ መያዝና በሬዲዮ እርዳታ መጥራት እስኪለምድ ድረስ ከባሕር ዳርቻ መራቅ የለባቸውም።