ወንድ ስንት ያወጣል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁ በሱቅ ላይ የተደራረበ ነውና እሳቱን ለመቆጣጠር ሰዓታት ፈጅቷል። ንብረታቸው አመድ ከሆነባቸው መካከል አንዱ የእኛው አጥቢያ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከሰው ተከራይቶ የሚሠራባት፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ሱቅ ነበረችው። የእቁብ ዕጣ ወጥቶለት ዕቃ ካስገባ ወር አልሞላውም። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ ለአዳራሹ ቀብድ ተከፍሏል፣ ሚዜዎቹ ሱፍ ተለክተዋል።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ። ገንዘብ ሊጠይቀኝ መስሎኝ፣ እያቀፍኩት በልቤ ኪሴን እቆጥር ነበር። እርሱ የፈለገው ግን ሌላ ነው። «ጋብቻችን እንዳይታወጅ ለሽማግሌዎች ንገርልኝ» አለኝ። እጮኛው ነርስ ናት። «ሠርጉ ይቅር፤ በእኔ ደመወዝ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንጀምር» ብላዋለች። እምቢ ያለው እርሱ ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ሚስቴ እያበላችኝ ምን ዓይነት ወንድ ልባል ነው? አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከን?» አለኝ።

አዎን፣ አስተምሬያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በወጣቶች የትዳር ዝግጅት ትምህርት ላይ፣ በሰሌዳው በትልልቅ ፊደል «ወንድ ማለት አቅራቢ ነው» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8ን አኑሬበታለሁ። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ከማያምን ሰው የከፋ እንደሆነ በጠረጴዛ መታ መታ አስረግጬ ተናግሬያለሁ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ወንዶቹ አቀረቀሩ። እኔም ጥሩ ትምህርት የሰጠሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መርካቶ ውስጥ «አቅራቢ» ማለት ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ እንደሆነ፣ ዕቃው ሲያልቅ ደግሞ ስልኩ እንደማይነሳለት ያን ጊዜ አልታሰበኝም።

እስቲ ምዕራፉን ክፈቱት። ከቁጥር 3 እስከ 16 ጳውሎስ የሚናገረው ስለ መበለቶች ነው። የሚገሥጸውም እናቱን ወይም አያቱን መጦር እየቻለ በቤተ ክርስቲያን ትከሻ ላይ የሚጥላትን ሰው ነው። ቁጥር 4 ልጆችንና የልጅ ልጆችን ይጠራል፤ ቁጥር 16 ላይ ያመነች ሴትም በዚያው ኃላፊነት ትጠየቃለች። ሙሽራ የለበትም፣ አዳራሽ የለበትም፣ «ቤትና መኪና ሳይኖርህ ሴት ልጅ አትጠይቅ» የሚል የለበትም። ያ ወንድም ገጠር ላሉት እናቱ በየወሩ ይልክ ነበር፤ ሱቁ ከተቃጠለ በኋላ እንኳ ተበድሮ ልኳል። እንግዲህ ጥቅሱን በትክክል የፈጸመው ሰው ጥቅሱ የፈረደበት መሰለው። አንባቢውን ያሳተው ጳውሎስ አይደለም።

ሁለተኛው የምንወደው ጥቅስ 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10 ነው። እርሱም ቢሆን መሥራት ስለማይወድ ሰው እንጂ ሥራ ስላጣ ሰው አይናገርም። በአውቶቡስ ተራ ጎህ ሳይቀድ ጀርባውን አዘጋጅቶ የሚጠብቀው ተሸካሚ፣ እስከ ማታ ጭነት ሳያገኝ ቢመለስ ሰነፍ ነው? ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከቢሮ ቢሮ የሚዞረውስ? እኛ ግን በመድረክ ላይ «አልወደደም» እና «አላገኘም» የሚሉትን ቃላት አንድ አድርገን ስንሰብክ ኖረናል። ሰነፍን መገሠጽ ቀላል ነው፤ እርሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉባኤ ላይ አይገኝም። የሚሰማን ያ ያላገኘው ልጅ ነው።

ምናለሽ ተራን ታውቁታላችሁ። የተጣለ ቆርቆሮ፣ አሮጌ በርሜል፣ ጎማ፣ ብረታ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃና ባልዲ ሆኖ የሚወጣበት ተራ ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ምን አለሽ? የእኛም ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ልጁ ምን አለው?» ሆኗል። «ጌታን እንዴት ያውቃል?» የሚለው ለወጉ ይጠየቃል፤ መልሱም ለወጉ ይመለሳል። ልዩነቱ ምናለሽ ተራ ላይ የተጣለው ነገር እንኳ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያይ ዓይን መኖሩ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ አሁን አዲስ ሰባኪ መጥቶባችኋል። ቲክቶክ ላይ በየምሽቱ የምትሰሙት፣ መኪና ተደግፎ ወይም ጂም ውስጥ ቆሞ «የወንድ ዋጋው» የሚላችሁ ሰው። ሴት ልጅ ገንዘብ ወዳለበት እንደምትሄድ፣ ማልቀስ ድክመት እንደሆነ፣ መጀመሪያ ሀብት ቀጥሎ «ምርጫ» እንደሚመጣ ያስተምራችኋል። ትምህርቱ ከውጭ አገር በእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ የእኛዎቹ ወደ አማርኛ መልሰው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ መጨረሻው ላይ ከምሳሌ መጽሐፍ አንድ ጥቅስ ቀጥለው ያቀርቡታል። በኅብረታችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሳይቀር ሲዘዋወር አይቻለሁ። ልክ እንደ ደላላ ነው የሚናገሩት። ደላላ ስለ ዕቃው ምንም ቢል አይፈረድበትም፣ እንጀራው ነው፤ ግን ሰው እንዴት ራሱን በደላላ አፍ ይተምናል? ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እነርሱ የሚሉትና እኔ በሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እምብዛም አለመራራቁ ነው። የእኔው ጥቅሱ ፊት ቀደመ እንጂ።

«ታዲያ ወንድ የቤቱ ራስ አይደለምን?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተ ሰቡ አስተዳዳሪ ያደርገው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲያነሡ ርስት እንደተነጠቀ ሰው ያዝናሉ። እኔ አላዝንም። የኤፌሶን 5 ራስነት ከመንግሥት የተሰጠ ሥልጣን አልነበረምና መንግሥት ሊወስደው አይችልም። በዚያ ምዕራፍ ለባል የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ እንዲወድዳት። ስንት ብር ይዞ እንደሚመጣ አልተጻፈም። የሚሞት ሰው ነው የተፈለገው፤ እኛ የሚከፍል ሰው ፈለግን፤ ምክንያቱም መክፈል ይቀላል። በዚሁ በመርካቶ ሙሉ ቤት አስቤዛ የሚሞላ፣ ሚስቱን ግን ቃል የማያናግር ስንት «አቅራቢ» አለ! እርሱን ማንም ሽማግሌ ጠርቶ «ከማያምን የከፋህ ነህ» ብሎት አያውቅም።

ስለ ወንድ ልጅ ዋጋ ከተነሣ አንድ ሰው ልጥራ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ደጋግሞ ካሰራቸው በኋላ፣ በታንዛኒያው ፕሬዝዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ፤ በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ልጆቻቸው ያለ አባት፣ ለዓመታትም ያለ እናት ቀሩ። አሁን እኔ በጻፍኩት መለኪያ ለኩአቸው። ለቤተ ሰባቸው ምን «አቀረቡ»? በእኔ ሰሌዳ ቢመዘኑ ቄስ ጉዲና ከማያምን የከፉ ሊባሉ ነው! ይህን ለማለት ድፍረት ያለው ካለ ይናገር፤ ከሌለ ግን መለኪያውን እንሰብረው።

ከእርሳቸውም በላይ እንሂድ። ሉቃስ 8 መጀመሪያ ላይ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር ከገንዘባቸው ያገለግሉት የነበሩ ሴቶችን ስም ዘርዝሮ ይጽፋል፤ መግደላዊት ማርያም፣ የኩዛ ሚስት ዮሐና፣ ሶስና፣ ሌሎችም ብዙ። ጌታችን ከሴቶች ገንዘብ በልቷል። ወንጌላዊውም አልደበቀውም፣ አላፈረበትምም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ያረፈው ድንኳን በሚሰፉት በአቂላና በጵርስቅላ ቤት ነው፤ ሐዋርያት ሥራ 18 ሥራውን የሁለቱም አድርጎ ይናገራል። አቂላ ሚስቱ መሥራቷ ወንድነቱን ቀነሰው የሚል አላነበብኩም። በሮሜ 16 ሰላምታ ሲቀርብ እንዲያውም ስሟ ከስሙ ቀድሟል። ታዲያ ያ ልጅ ከነርስ ደመወዝ እንጀራ ቢበላ ምኑ ይጎድላል?

የአባቶችን ጭንቀት አልንቅም። ሴት ልጁን ያሳደገ አባት «ነገ የት ትኖራለች?» ብሎ ቢጠይቅ ክፉ አይደለም። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ እኔም በየወሩ እከፍላለሁ፤ ማጣት ትዳርን እንዴት እንደሚፈትንም ቤቴ ያውቃል። ግን መጠየቅ ካለበት የሚጠየቀው ሌላም አለ። ዕዳውን ይከፍላል ወይ? ሲቆጣ እጁ ወዴት ይሄዳል? ከቀትር በኋላ ጫት ቤት ነው ወይስ ሥራ? ስትታመም አጠገቧ ይቀመጣል? ሲያጠፋ «አጥፍቻለሁ» ማለት ይችላል? እነዚህን የጠየቀ ሽማግሌ በዕድሜዬ ሁለት ብቻ አይቻለሁ። የቀሩት ሱቁ በስሙ መሆኑን ነበር የሚያጣሩት።

መርካቶን ስሳደብ የዋልኩ እንዳይመስላችሁ፣ ከእሳቱ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ያ ወንድም ሦስት ሳምንት ያህል እንደታመመ ሰው ቤቱ ዋለ። ከእኛ ወገን ሄደው የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ጸልዬ ወጣሁ። ከዚያ ጨርቅ በጅምላ ያከፋፍሉት የነበሩ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ አስጠሩት። የእርሳቸውም ዕቃ ተቃጥሏል፣ ግን ሌላ ቦታ መጋዘን ነበራቸው። ስድስት ጣቃ ጨርቅ አሸከሙት። «ምን ልፈርም?» ቢላቸው፣ «አምስት ዓመት አውቅህ የለ? ሲኖርህ ታመጣለህ» አሉት። መያዣ አልጠየቁም፣ ሱቅ አለህ ወይ አላሉም፣ እንደሌለው ያውቃሉ። መርካቶ የኖረው እንዲህ ነው፤ ዱቤ የሚሰጠው ለቃሉ እንጂ ለኪሱ አይደለም፤ ኪሱ ሙሉ የሆነ ሰው ዱቤ ምን ያደርግለታል? ገበያው ያንን ልጅ ምንም ሳይኖረው ሰው ነው ብሎ ቆጠረው። ቤተ ክርስቲያኑ ያስተማረችው ግን ምንም ስለሌለው ሰው እንዳልሆነ ነበር።

ጋብቻው አልተታወጀም። ጥርም አለፈ። ልጅቷ «እጠብቃለሁ» ትላለች፤ ቤተሰቦቿ ሌላ ነገር ይላሉ። እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ሄጄ አየሁት። በሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁለት ክንድ የምታህል ቦታ ተከራይቶ ጨርቁን ዘርግቷል። ጆንያ እያወረደ ስለነበር አንዱን ጫፍ ያዝኩለት፤ ወገቤን ሲያመኝ ሳቀብኝ። ሻይ አዘዘልኝ፣ ልከፍል ብል ተቆጣ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። ጥቅሱን ያለ ቦታው እንዳስተማርኩት፣ እንደበደልኩት፣ ይቅር እንዲለኝ።

ዝም ብሎ ሻዩን አማሰለ። ቆይቶ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ለእኔ ብቻ መንገርህ ምን ያደርጋል?» አለኝ። «ያን ዕለት ስታስተምር እኮ አርባ ነበርን።»