የእናትና የልጅ ሙግት በፊልሞቻችን ስፍራ ይሰጠው

ከአዳማ ተነስቶ በደራ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰው የአርሲ ምድር፣ በኢትዮጵያ ፊልም ታሪክ ስሙ የሚነሳው የ«ድፍረት» ፊልም መነሻ ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀውና በጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበትን፣ በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅናም ራሷን ስትከላከል መሆኑ ታምኖ ነፃ የወጣችበትን እውነተኛ ጉዳይ ይተርካል።

ፊልሙ ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊንና ደንበኛዋን፣ ችሎቱንና የሽማግሌዎቹን ሸንጎ በሚገባ አሳይቷል፤ ይህን ምስጋና አንነፍገውም። ይሁን እንጂ የታሪኩ ከባዱ ሙግት፣ ይኸውም ተምራ ሌላ ኑሮ ልትኖር በተነሳች ልጅና በነበረው ሥርዓት ኖራ ባረጀች እናት መካከል ያለው ሙግት፣ በዳር ታልፏል። ጉድለቱም የዚህ ፊልም ብቻ አይደለም። እናት በፊልሞቻችን ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትመርቃለች፤ ከልጇ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትከራከር፣ ስትሳሳትም፣ የምናያት ከስንት አንዴ ነው።

የአርሲ እናት ግን ከዚህ የሰፋ ስፍራ ያላት ናት። ልጇን በወግ ስትድር የክብሯ ምልክት የሆነውን በትር፣ ሲንቄን፣ ታስይዛታለች፤ ሲንቄ የያዘች ሴት ክብሯ በደረሰባት በደል ሲነካ ሌሎቹ ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስም አይመለሱም። የተጠለፈች ልጅ ግን በወግ አልተዳረችምና ሲንቄው አይደርሳትም። እናቲቱም፣ ምናልባት እርሷም በልጅነቷ በዚያው መንገድ የመጣች፣ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ «ዕጣሽ ነው፣ ቻይው» ትላት ይሆናል። መከታ መሆን የምታውቅ ሴት ዝም በይ ባይ የምትሆንበትን ምክንያት፣ ልጅም ይህን ከእናቷ አፍ ስትሰማ የሚያድርባትን ቂም፣ መርምሮ የሚያሳይ ፊልም እስካሁን አላየንም።

ሕጉ በበኩሉ ተለውጧል፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን መንገድ ትቶለት ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ዘግቶ፣ ለጋብቻ ብሎ የሚጠልፍን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደንግጓል። ሕጉ ጠላፊውን ይደርስበታል፤ ማዕድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ የሚነጋገሩትን ግን ሊደርስበት አይችልም፣ ሊደርስበትም አይገባውም። ያ የጥበብ ሥራ ድርሻ ነው። ድርሻውን ለመወጣትም የፊልም ባለሙያዎቹ የእናትየዋን ቋንቋ ሊያውቁ ይገባል፤ «ድፍረት» በአማርኛ የተሠራ ነውና፣ ልጇን በኦሮምኛ ስትቆጣ የኖረች የአርሲ እናት ራሷን እዚያ ውስጥ ብታጣ አይፈረድባትም።

ሌላም ነገር አለ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዶች ከተቀመጡ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከሳሿ ታሪኩ የተሠራባት ሴት ነበረች። እገዳው ከጊዜ በኋላ ተነስቶ ሥራው ለሕዝብ ቢቀርብም፣ እንደ አንጀሊና ጆሊ ያለች ዝነኛ በኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰርነት ስሟን ያኖረችበት ፊልም የሚተርክላት ሴት፣ ድምፅዋን ለማሰማት ችሎት ፊት መቆም ግድ የሆነባት መሆኑ ለሁላችንም የሚያሳፍር ነው። ስሟን እዚህ ያልጠቀስነውም ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን ግልጽ ነው። በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ቅራኔ የሚመረምር ሥራ የቤተሰብን ገመና ማውጣት ነው ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የኦሮሚያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮም፣ የከተማ አስተዳደሮችም፣ በኦሮምኛ ለሚሠሩ ወጣት የፊልም ባለሙያዎች አዳራሽና ድጋፍ ሊነፍጉ አይገባም። በሕይወት ባለች ሴት ታሪክ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ፊልም ደግሞ፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት የእርሷን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ እናቷም በታሪኩ ውስጥ የምትታይ ከሆነ የእናቲቱንም ጭምር።