የመስኖ ቦይ የሚመዘነው በመጨረሻው ማሳ ነው

በጎጃም፣ መርዓዊ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ዋና ቦይ ዳር ዳሩን በብስክሌት የሚከተል ሰው ከግድቡ የሚወጣውን ውሃና ውሃው ሌሊት የሚጠራቀምባቸውን ኩሬዎች ያያል።

ዋናው ችግር ግን ያለው ብስክሌት በማይደርስበት፣ ውሃው በየማሳው በሚከፋፈልበት በትንንሹ ቦይ ላይ ነው። ይህን በእግር ተጉዞ መመልከት ግድ ይላል። ደለልና አረም ቦዩን ሲደፍነው፣ ወይም የላይኛው ገበሬ ከተራው በላይ ሲያጠጣ፣ ስንዴውና ድንቹ የሚደርቅበት በግርጌ ያለው ገበሬ ነው።

ስለዚህ የገበሬው መሪዎችና የውሃ አባቶች ቁጥጥራቸውን ከመጨረሻው ማሳ ጀምረው ወደ ላይ ቢወጡ፣ ተራ የተጓደለበትንና ጠረጋ የሚያሻውን ቦታ በቀላሉ ይለያሉ። ጠረጋውም የበጋው መስኖ ከመጀመሩ በፊት ሊጠናቀቅ ይገባል።