ሳይቃጠል በቅጠል፤ መምህሩንስ ማን ያስተምረው?

ባለፈው ወር ወላጅ ከልጁ ትምህርት ቤት ጋር ሊኖረው ስለሚገባ ግንኙነት ተነጋግረን ነበር። ዛሬም ከዚያው ሳንርቅ፣ ልጆቻችንን ከትምባሆ እንዲጠብቁልን አደራ ስለምንላቸው መምህራን እንነጋገራለን።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር አንድ ወንድማችን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ገደማ የገጠመውን እንዲህ ሲል አጫውቶናል። የአሥራ አራት ዓመት ልጁን የደብተር ቦርሳ ሲያስተካክል ፍላሽ ዲስክ የሚመስል ቀጭን ነገር ያገኛል። «ለቤት ሥራው የሚጠቀምበት ይሆናል» ብሎ በጥንቃቄ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱ ጠርቶ፣ ያ ነገር የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሆኑንና ልጁ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲያጨስ መያዙን ይነግረዋል። ወንድማችንን ይበልጥ ያስደነገጠው ግን የክፍሉ መምህርት የተናገሩት ነበር። «እኔም ጠረጴዛው ላይ አይቼው ነበር፤ እንደ እርስዎ ፍላሽ ነው የመሰለኝ» አሉት።

አባት አላወቀም፤ መምህርቷም አላወቁም። ልጁ ግን ያውቅ ነበር። እንግዲህ ከተማሪው ያነሰ የሚያውቅ መምህር ተማሪውን እንዴት ሊያስጠነቅቅ ይችላል? መምህሩንስ ማን ያስተምረው? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

የችግሩ ስፋት

ወንድማችን ብቻውን አልነበረም። በአሜሪካ በየዓመቱ የሚካሄደው የወጣቶች የትምባሆ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያጨሱት ከመቶ 11.7 ነበሩ። በ2018 ይህ ቁጥር 20.8፣ በ2019 ደግሞ 27.5 ደረሰ። በታኅሣሥ 2018 የአገሪቱ ዋና የጤና ሹም ጉዳዩ ወረርሽኝ ሆኗል ሲሉ በይፋ አወጁ። በዚያን ጊዜ በተማሪዎች ዘንድ የገነነው ጁል የተባለው ምርት ሲሆን፣ አንዱ የጁል ማስገቢያ አንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ኒኮቲን እንደሚይዝ አምራቹ ራሱ ይናገር ነበር። ጭሱ ቶሎ ይጠፋል፤ ሽታውም የፍራፍሬ ወይም የናና ነው። ሲጋራን በሽታው ለይተው ሲያውቁ የኖሩ መምህራን በዚህ ቢታለሉ አይደንቅም።

በአገሪቱ ካሉት ብዙ መምህራን እያንዳንዱን ከየክፍሉ አውጥቶ፣ አዳራሽ ሰብስቦ ማሠልጠን ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል። ሥልጠናው በኢንተርኔት ወደ መምህሩ እንዲሄድ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ «በሩቅ የተማረ መምህር ክፍል ገብቶ ያንኑ ያህል ይሠራልን?» የሚለው ጥያቄ ከኢንተርኔት በፊትም የነበረ ነው፤ መልሱም በሙከራ ተፈልጓል።

የካሴቱ ሙከራ

ውድ አንባብያን፣ ቀደም ባለው ዘመን ስለ ትምባሆ የሚሰጠው ትምህርት ምን ይመስል እንደነበር እናስታውስ። መምህሩ የጠቆረ ሳንባ ሥዕል ያሳያል፣ የበሽታ ስም ይዘረዝራል፣ «እንዳታጨሱ!» ብሎ ይወጣል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን በሃምሳ ዓመቱ ስለሚይዘው በሽታ አያስብም። የሚያስጨንቀው ነገ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጓደኛው «አንዴ ብቻ ሞክር» ሲለው የሚመልሰው መልስ ነው።

ጊልበርት ቦትቪን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ተረድተው ሌላ ዓይነት ትምህርት አዘጋጁ። ተማሪው እምቢ ማለትን በቃልና በተግባር ይለማመዳል፤ ጭንቀቱን መቆጣጠርንና ማስታወቂያ እንዴት እንደሚያታልል ይማራል፤ «ሁሉም ያጨሳል» የሚለው ወሬም ሐሰት መሆኑን በቁጥር ያያል። ትምህርቱ በሰባተኛ ክፍል 15፣ በስምንተኛ 10፣ በዘጠነኛ 5 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ይህ ትምህርት በኒውዮርክ ግዛት በ56 ትምህርት ቤቶች፣ ወደ 6,000 በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ ተሞከረ። ትምህርት ቤቶቹ በሦስት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን መምህራን በአካል ተሰብስበው ሠለጠኑ፤ በሥራ ላይም ክትትል ተደረገላቸው። የሁለተኛው ወገን መምህራን ሥልጠናውን በቪዲዮ ካሴት ብቻ ወሰዱ፤ ጠያቂም ተከታታይም አልነበራቸውም። ሦስተኛው ወገን አዲሱን ትምህርት አላገኘም። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪጨርሱ ድረስ ተጠብቆ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲታተም፣ ትምህርቱን ካላገኙት ይልቅ በሁለቱም ወገን ሲጋራና ሌሎች ሱሶች ቀንሰው ተገኙ። የበለጠው ውጤት የታየው ግን ከትምህርቱ ቢያንስ 60 ከመቶውን በተማሩት ተማሪዎች ላይ ነበር።

ይህን ቆም ብለን እናስተውለው። በካሴት የሠለጠነ መምህርም ውጤት አምጥቷል፤ ስለዚህ የሩቅ ሥልጠና ከንቱ አይደለም። ለውጡን ያሰፋው ደግሞ መምህሩ ካሴቱን ማየቱ ሳይሆን የተማረውን ሳይቆርጥ ለተማሪው ማድረሱ ነው። ሥልጠናውን አይቶ፣ ምስክር ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ ክፍል ሲገባ «የፈተና ጊዜ ደረሰ» ብሎ ግማሹን የሚዘል መምህር፣ ባይሠለጥን ኖሮ ከነበረበት ብዙም አልራቀም።

ከካሴት ወደ ኢንተርኔት

ካሴቱ ዛሬ በኢንተርኔት ተተክቷል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ቦኒ ሃልፐርን-ፌልሸር መሪነት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለመምህራንና ለወላጆች የትምባሆ መከላከያ ትምህርት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ማቅረብ ጀመረ። መምህሩ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ዓይነቶችን በሥዕል ያያል፤ ኒኮቲን በማደግ ላይ ባለ አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ይማራል፤ ክፍል ውስጥ የሚያሳየውን ጽሑፍ፣ ጨዋታና የመለማመጃ ጥያቄም አዘጋጅቶ የሚሰጠው አለ። ሌሎችን የሚያሠለጥኑ መምህራንም በዚሁ መንገድ ይሠለጥናሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ተማሪው ከቤቱ ሆኖ እንዲማርበት ተደርጎም ተዘጋጀ።

ከዚሁ ጋር ሲያጨስ የተያዘን ተማሪ ከትምህርት ቤት ከማባረር ይልቅ እንዲማርና ከሱሱ እንዲላቀቅ የሚረዳ ትምህርት ተጨምሮበታል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የተባረረ ልጅ ቀኑን የሚያሳልፈው ከማን ጋር ነው? ብዙውን ጊዜ ሲጋራውን ከሰጠው ጋር ነው።

በኢንተርኔት የመጣ ሁሉ ግን እውነተኛ ወዳጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት የቀረቡ የኒውዮርክ ተማሪዎች፣ የጁል ኩባንያ ተወካይ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ ምርቱ ምንም ጉዳት እንደሌለው ነግሯቸው እንደነበር መስክረዋል። ኩባንያው በበኩሉ የትምህርት ቤት ፕሮግራሙን ቀደም ብሎ ማቋረጡን ተናግሯል። ለበጎች ጥበቃ ጅብ አይቀጠርም! ስለዚህ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሥልጠና ከመቀበሉ በፊት «ያዘጋጀው ማነው? ገንዘቡን የከፈለውስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

መራራው እውነት

ነገሩን አሳምረን ብቻ ብንነግራችሁ አደራችንን አልተወጣንም። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት በ40 የትምህርት አውራጃዎች ሌላ ታላቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። መምህራኑ በሚገባ ሠለጠኑ። ተማሪዎቹም ከሦስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል በድምሩ 65 ክፍለ ጊዜ ተማሩ። ከ8,000 በላይ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲታወቅ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል በማጨስ ረገድ ልዩነት አልተገኘም።

ታዲያ ጥረቱ ሁሉ ይቅር? አይደለም። ይህ የሚያስተምረን የክፍል ትምህርት ብቻውን ተነጥሎ ሁሉን ሸክም ሊሸከም እንደማይችል ነው። ልጁ ከክፍል ወጥቶ በየሱቁ ሲጋራ ካገኘ፣ በየማስታወቂያው ካየ፣ ቤቱም ገብቶ አባቱ ሲያጨስ ካገኘ፣ መምህሩ የገነባውን ሌሎች ያፈርሱታል። በአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያጨሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 7.8 ከመቶ ዝቅ ብለዋል። ከ2019 ወዲህ የመግዣ ዕድሜ በመላ አገሪቱ 21 ሆኗል፤ በጣፋጭ ጣዕሞች ላይ ገደብ ተጥሏል፤ ኩባንያዎች በፍርድ ቤት ተጠይቀዋል፤ መምህራንም አስተምረዋል። ውጤቱን ለአንዱ ብቻ ቆርሶ መስጠት አይቻልም።

የመምህሩ የራሱ ምሳሌነትም አለ። በሕንድ ቢሃር ግዛት ብዙ መምህራን ራሳቸው ትምባሆ ተጠቃሚ በመሆናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በ72 ትምህርት ቤቶች በቅድሚያ መምህራኑን ከትምባሆ ለማላቀቅ ተሠራ። ፕሮግራሙ እንዳበቃ፣ ከተረዱት ተጠቃሚዎች ግማሾቹ ትምባሆ ማቆማቸውን ሲናገሩ፣ እርዳታ ባላገኙት ዘንድ ይህ ከመቶ 15 ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ የተመለሱበት ነበሩ፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ አልጠፋም። በእረፍት ሰዓት ከአጥር ጀርባ የሚያጨስ መምህር የትኛውን የኢንተርኔት ሥልጠና ቢወስድ፣ ተማሪው የሚያምነው ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን ነው።

እኛስ?

በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወንድሞችና እህቶች፣ የልጃችሁ መምህር ይህን ሥልጠና መውሰዱን፣ ትምህርቱም እስከ መጨረሻው መሰጠቱን ጠይቁ። ቋንቋው ቢከብዳችሁ ልጃችሁን ሳይሆን ሌላ ሰው አስተርጉሙ። ስለ ራሱ ጉዳይ የሚያስተረጉም ልጅ ያሻውን ሊያስቀር ይችላል።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ እንዲሁም የሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ንግድን ይከለክላል። ሕጉ መልካም ነው፤ ክፍል ገብቶ «እምቢ» ማለትን የሚያለማምደው ግን መምህሩ ነው። «ኢንተርኔት በማይደርስበት ገጠር ይህ እንዴት ይሆናል?» ለሚሉን፣ የኒውዮርኩን ካሴት እናስታውሳቸዋለን። አንድ መምህር ከተማ ሲወጣ የሥልጠናውን ፊልም በስልኩ ጭኖ ቢመለስ፣ ባልደረቦቹን አንድ ከሰዓት ሰብስቦ ቢያሳይና አንዱ ተማሪ ሌላው ጓደኛ ሆነው ቢለማመዱ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የመድረሳ ኡስታዞቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም።

እኛ ወላጆች ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ሐራም ነው!» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። በርግጥ በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ትምባሆ ሐራም መሆኑን ተናግረዋል፤ ልጁም ይህን ማወቅ አለበት። ነገር ግን ሐራምነቱን የሚያውቅ ልጅ በጓደኞቹ መካከል ሲቆም የሚናገረው ቃል ይቸግረዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ጓደኛህ ቢሰጥህ ምን ትለዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን አትንገሩት፤ እሱ ይፈልገው። ቢሳሳትም አትቆጡት፤ እንደገና ይሞክር። የሠለጠነ መምህር ክፍል ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የቨርጂኒያው ወንድማችን ልጁን አልደበደበም፤ ትምህርት ቤቱም አላባረረውም። የክፍሉ መምህርት በዚያው ዓመት ሥልጠናውን በኢንተርኔት ተከታትለው ጨረሱ። ለወላጆች ስብሰባ በተጠራ ጊዜም ያንን ፍላሽ መሳይ ነገር በእጃቸው ይዘው «ይህ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ከአዳራሹ እጁን ያወጣው ወንድማችን ብቻ ነበር።

ልጆቻችን የአላህ (ሱ.ወ.) አማና ናቸው። አማናውን ከእኛ ጋር የሚሸከሙትን መምህራን እናግዛቸው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሚን! በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።