በክስና በውዳሴ መካከል፦ የ99ኛው ተዋጊ ስኳድሮን ታሪክ ለተመራማሪ የሚሰጠው ትምህርት

የተዋጊ ስኳድሮን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በከሳሽ ወይም በአወዳሽ እጅ ነው። የአሜሪካ ጦር 99ኛ ስኳድሮን ሁለቱንም ቀምሷል፤ ታሪኩም ለክስም ሆነ ለውዳሴ የሚበጀው ሚዛን አንድ መሆኑን ያሳያል፤ እርሱም በአግባቡ የተነጻጸረ መዝገብ ነው።

ስኳድሮኑ እ.ኤ.አ. በ1941 ለጥቁር አሜሪካውያን ብቻ ተለይቶ የተቋቋመ ሲሆን፣ አብራሪዎቹ የሠለጠኑት በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ጆን ሮቢንሰንም የተማረው በዚያው በተስኪጊ ተቋም ነው።

ስኳድሮኑ እ.ኤ.አ. በ1943 በፒ-40 አውሮፕላኖች ወደ ሰሜን አፍሪካ ዘመተ። በዚያው ዓመት ስኳድሮኑ ተጠግቶ የሚዋጋበት ተዋጊ ምድብ አዛዥ ኮሎኔል ዊልያም ሞማየር፣ አብራሪዎቹ የውጊያ ወኔና ኅብረት ይጎድላቸዋል ሲል ሪፖርት አቀረበ። የስኳድሮኑ አዛዥ ቤንጃሚን ዴቪስ በዋሽንግተን ቀርቦ፣ ክፍሉ የውጊያ ልምድ ያለው አንድም መሪ ሳይኖረው ግንባር መግባቱን አስረዳ። ክርክሩን የለየው ግን ንግግር አልነበረም። ጦሩ ስኳድሮኑን በሜዲትራንያን ግንባር ከተሰለፉ ሌሎች የፒ-40 ስኳድሮኖች ጋር አነጻጽሮ ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ፈተናው ከውዳሴም መጣ። ስኳድሮኑ እ.ኤ.አ. በ1944 የ332ኛው ተዋጊ ምድብ አባል ሆኖ ከባድ ቦምብ ጣዮችን ማጀብ ከጀመረ በኋላ፣ ምድቡ «አንድም ቦምብ ጣይ በጠላት ተዋጊ አላስመታም» የሚል ዝና ተሰራጨ። የአየር ኃይሉ የታሪክ ተመራማሪ ዳንኤል ሃውልማን የበረራ ተልእኮና የጠፉ ሠራተኞች ሪፖርቶችን አገናዝቦ፣ 27 ቦምብ ጣዮች መመታታቸውን አረጋገጠ። በዚያው ወቅት የ15ኛው አየር ኃይል ሌሎች አጃቢ ምድቦች አማካይ ግን 46 ነበር።

መብታቸውን ለተነፈጉ ሰዎች ዝናቸውን መመርመር ግፍ ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ፍጹምነትን የሚያውጅ ዝና አንድ የተመታ አውሮፕላን ሲገኝ ይፈርሳል፤ 27ን ከ46 ጋር ያስተያየ ታሪክ ግን ይጸናል። ከዚህም በላይ ዝናው በ27ቱ አውሮፕላኖች ውስጥ የነበሩትን ሠራተኞች ከታሪክ ይሰርዛል። አብራሪዎቹን እ.ኤ.አ. በ1944 ከሐሰተኛ ክስ ያዳናቸውም ይኸው ንጽጽር እንጂ አድናቆት አይደለም።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የተዋጉትን የኢትዮጵያ ኤፍ-5 አብራሪዎች ታሪክ የሚያጠና ተማሪም ከዚህ የሚቀስመው አለ። የጀግንነት ምስክርነት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ምን ዓይነት ተልእኮ፣ በስንት አውሮፕላን፣ ከየትኛው ክፍል ጋር ሲነጻጸር የሚሉት ጥያቄዎች ሊከተሉ ይገባል። ለጀግና የሚመጥን ክብር ምርመራን የሚችል ታሪክ ነው።