ታንኳ የሚገዛ አስቀድሞ የቤቱን ደረጃ ይቁጠር

በጋ በገባ ቁጥር በካምደን በኩል በሬጀንትስ ካናል ዳር የሚያልፍ ወገን፣ ውኃው ላይ እየቀዘፈ የሚሄደውን ሰው ሲያይ «ለልጆቹ አንድ ታንኳ ብገዛስ?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ገበያ ላይ ነው። ብዙው ሰው ዋጋዋን፣ ርዝመቷንና ቀለሟን ይጠይቃል፤ ክብደቷን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለለንደን ነዋሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው።

ታንኳ ውኃ ላይ ስትሆን ሰውን ትሸከማለች፤ ከውኃው እስክትደርስና ከወጣች በኋላ ግን ተሸካሚው ሰው ነው። ሁለት ሰው የምትይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ታንኳ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖርና ሊፍቱ የተበላሸበት ሰው ይህችን በየቅዳሜው ሲያወርድና ሲያወጣ ይታያችሁ! ካናሉ ላይ ከተደረሰ በኋላም ሸክሙ አያልቅም። ቀዛፊ ሎክ በሚባሉት የውኃ በሮች ውስጥ እንደ ትልቅ ጀልባ አያልፍም፤ ታንኳውን አውጥቶ፣ ተሸክሞ፣ ከበሩ ማዶ መልሶ ያሳርፋታል። ካምደን ላይ ብቻ ሦስት ሎኮች ተከታትለው ይገኛሉ።

የጣና ሰው ይህን ጥንት ያውቀዋል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ቀላል ነው፤ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ጉዞውን ሲጨርስ ከሐይቁ ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። በዚህ ሙያ ወይጦዎች ስማቸው የታወቀ ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» የተባለችው መርከቡ ኋላዋ እየሰመጠ ስላስቸገረ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች፤ በ1970 «ራ ሁለት» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ገባች። (በለንደን ከተወለዱት ልጆች ስንቱ ይህን ሰምቶ ይሆን?)

እንግዲህ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የሚሻለው የሚነፋው ወይም የሚታጠፈው ዓይነት ነው። ብዙዎቹ ከ10 እስከ 18 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ተጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ስለሚገቡ አልጋ ሥር ይቀመጣሉ። የሚነፋ ሲባል ግን ለባሕር ዳርቻ መጫወቻ የሚሸጠው ስስ ፕላስቲክ ማለት አይደለም። ቆዳው ወፍራም፣ የአየር ክፍሎቹም የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው እንዲይዝ። ቀላል ታንኳን ንፋስ እንደሚገፋትም አይዘንጋ። ከካርቦን ፋይበር የሚሠሩት ቀላልም ፈጣንም ናቸው፤ ዋጋቸው ግን የለንደንን የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው የሚመከር አይደለም፤ ድንጋይ ሲነካቸውም እንደ ፕላስቲኩ አይችሉትም። ጠባቧ ትፈጥናለች፤ ጀማሪን ግን ትገለብጠዋለች። ሆዷ ሰፋ ያለችው ለልጆች ትመረጣለች።

እርግጥ ከመግዛት በፊት መሞከር ይቻላል። ካምደን ያለው ፓይሬት ካስል ለዚሁ የቆመ ነው፤ አሠልጣኝም ጀልባም አለው። በግል ታንኳ ካናሉ ላይ ለመቅዘፍ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፓድል ዩኬ አባል የሆነ ሰው ፈቃዱን ከአባልነቱ ጋር ያገኛል። ቴምዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቴዲንግተን በታች ባሕሩ ስለሚገባበት ለንደን ድልድይ ላይ ውኃው እስከ 7 ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፤ የጀማሪ ቦታ አይደለም።

ደጋ ላይ ያደገ ብዙ ወላጅ ዋና አያውቅም። ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ ለታንኳዋ መቶ ፓውንዶች አውጥቶ ለልጁ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይገዛ መቅረት ነው። ጃኬቱ «ያድግበታል» ተብሎ እንደ ትምህርት ቤት ኮት ሰፍቶ አይገዛም፤ ልጁ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣልና።

ሱቅ የገባ ገዢም ሻጩን ሳያፍር ታንኳዋን ለብቻው አንሥቶ እስከ በሩ ይሂድና ይመለስ። ካቃተው ዋጋዋ ግማሽ ቢሆንም እዚያው ያስቀምጣት።